የዋልካው ስንጥቅ

ሰሞኑን ቤት ሲቀባ ሳጥኖቼን ወደ በረንዳ አወጣናቸው። የልጅ ልጄ ናቲ፣ መቼም እጁ አያርፍ፣ አንዱን ከፍቶ ታደለ የሣለውን የልጆች መጽሐፍ አገኘው። ሳይታተም የቀረ፣ ጠርዙን ምስጥ የበላው መጽሐፍ ነው።

በደርግ ጊዜ አስተማሪ ሆኜ ጠረፍ ላይ ያለችው ቆላ፣ ኮኪት፣ ስመደብ ገና ልጅ ነበርኩ። ታደለ እዚያው ሳይንስ የሚያስተምር ጎጃሜ ነው፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ጥፍሩ ሥር ቀለም የማይጠፋ። ተማሪዎቻችን በመጽሐፍ የሚያዩት የሰው አገር ድብና በረዶ ነበር። በዚያ ሙቀት በረዶን ማስረዳት ምን ያህል እንደሚያደክም ያስተማረ ያውቀዋል። ታደለን ይህ ያንገበግበው ነበር።

"ደጃቸው ያለውን ሳያውቁ የድብ ነገር ይሸመድዳሉ። እኔ ልሣል፣ አንቺ ጻፊ" አለኝ።

እሺ አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ አጠገቡ የምቀመጥበት ሰበብ ነበር የምፈልገው።

መጽሐፉ ስለ ዋልካ አፈር ነበር። ሰሊጡ ታጭዶ በጋው ሲጠና ያ ጥቁር መሬት እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። በየስንጥቁ እንሽላሊት፣ ጊንጥ፣ ጥንዚዛ ይኖራል። ታደለ ያላየውን አይሥልም። ከሰሊጥ እርሻው የቀን ሠራተኞች ጋር ግራር ሥር እያደረ ከስንጥቁ የሚወጣውን ሲጠብቅ ከረመ። ሠራተኞቹ "መምህር፣ ጊንጡንም ሊያስተምሩት ነው?" እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እኔ ወባ እንዳትይዘው ፈርቼ አጎበሬን ሰጠሁት።

"አሁንማ ንጉሥ ሆንኩ" አለ።

"ቀስ ብለህ ተናገር፤ ዘመኑ የንጉሥ አይደለም" አልኩትና ሳቅን።

በመጨረሻው ገጽ ላይ አንዱን ስንጥቅ ጨለማ ብቻ አድርጎ ተወው። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ "እኔ ያላየሁት ይኖራል። ልጆቹ አይተው ይሙሉት" አለኝ።

ክረምት ሲገባ ትኩሳት ያዘው። ቆላ ላይ ትኩሳት ማለት ወባ ነው፤ ሌላ የሚያስብ የለም። ክሎሮኪን ዋጠ፣ ሻል አለው፣ አገረሸበት፣ ደግሞ ዋጠ። እሱም ራሱ "ወባ ናት፣ ትለቀኛለች" ይል ነበር። ክንዱ ቀጥኖ ሆዱ በግራ በኩል ሲነፋ ነው የደነገጥነው። ያን ጊዜ ደግሞ ዋልካው ጭቃ ሆኖ መኪና አያሳልፍም። ዝናቡ ጋብ ሲል በትራክተር እስከ ገንዳ ውሃ ከተማ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ጎንደር አደረስነው።

ሐኪሙ ሆዱን ዳሰሰና "ካላዛር ይመስላል። ምነው እስካሁን?" አለ። በሽታውን የምታመጣው ከዋልካ ስንጥቅ የምትወጣ፣ ከወባ ትንኝ የምታንስ ዝንብ መሆኗን፣ በአጎበር ቀዳዳም ሾልካ እንደምትገባ ያን ቀን ሰማሁ። የሰጠሁት አጎበር ትዝ አለኝ። ታደለ ግን ከአልጋው ሆኖ ፈገግ አለ።

"አየሽ፣ ያንን ስንጥቅ መተዌ ደግ ነበር" አለኝ።

መስቀል ሳይደርስ ሞተ። በኋላ ደግ ሰው አግብቼ ወልጃለሁ፣ አምላክ ይመስገን። ታደለን ግን አፈሩ ሲሰነጠቅ ባየሁ ቁጥር አለቅሰዋለሁ።

ናቲ ጣቱን ጨለማው ስንጥቅ ላይ አሳረፈ።

"እማማ፣ እዚህ ውስጥ ማን አለ?"

"ትንሽ ዝንብ አለች" አልኩት።

መጽሐፉን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። "አትታይም እኮ!"

"አዎ ልጄ። ለእኛም አልታየችንም።"