ዙልፋ ያልቀበረቻቸው መጻሕፍት

ከመርሳ ከተማ እስከ ግራና ከተማ ገበያ ያለህ ሁሉ፣ ባለ ኮከብ መኮንንም ሆንህ ባለ አንድ በግ፣ ቆመህ አድምጥ! ቁመቷ ከመጥረጊያዋ እምብዛም የማይበልጠው ዙልፋ፣ የንባብ ቤት ሠራተኛ፣ ሁለት ጦርነት ገጥማ አንዱን ማሸነፏ ታውጇል።

የተሸነፈችው በደርግ ጊዜ፣ በሰማንያ ሁለት ነው። ያኔ የንባብ ቤቱ ጽዳት ነበረች። አለቃዋ ጋሼ ስዩም የአማፅያኑ ጦር ሲቃረብ የሰፊውን ሕዝብ መጻሕፍት እንደ ማሽላ ጉድጓድ አስገብተው አፉን በእበትና በጭቃ አስመረጉ።

«ጋሼ፣ ጉድጓድ እኮ ያልባል» አለቻቸው።

«አንቺ መጥረጊያሽን ያዢ!»

ያዘች። ጉድጓዱ ሲከፈት የወጣው ሻጋታ ነበር። ጋሼ ስዩም በኢምፔሪያሊዝም አሳበቡ።

በ2013 ነሐሴ መድፉ በወልድያ በኩል ሲያጉረመርም የንባብ ቤቱ ቁልፍ በእሷ እጅ ነበር። አዲሱ ኃላፊ «ከዚህች መሬት ንቅንቅ አንልም!» የሚል መግለጫ አንብቦ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ደሴ ተነቃነቀ። ዙልፋ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ መንገደኛውን ጠራች።

«ግቡ፣ ተዋሱ!»

ገበሬው አብዱልሐሊም ሳቀ። «እትዬ ዙልፋ፣ ሰው ፍራሽ ተሸክሞ ይሸሻል፣ እኔ መጽሐፍ ልሸከም? ማንበብም አልችል።»

«አንብብ ማን አለህ? በአሥራ አምስት ቀን መልስ ነው ያልሁህ። ፈርም።»

«ጦርነቱ በአሥራ አምስት ቀን ባያልቅስ?»

«መጥተህ ታሳድሳለሃ!»

በጣቱ ፈረመና አራት ተሸከመ፤ ከኋላው ያለው መንገደኛም ተራ በተራ ፈረመ። ታጣቂዎች በሩን ሰብረው ሲገቡ ያገኙት ባዶ መደርደሪያና «ጸጥታ ይከበር» የሚል ማስታወቂያ ነው። መደርደሪያውን አነደዱት፤ ማስታወቂያውን አልታዘዙትም።

ታኅሣሥ ላይ ኃላፊው ጀግና ሆኖ ተመለሰና ደብዳቤ ጻፈላት፦ የመንግሥት ንብረት በትነሻል፤ እስከ ዓርብ አንድ መጽሐፍ ቢጎድል ከሥራ ተሰናብተሻል።

«ይመጣሉ» አለች፣ የተረፈውን ወለል እየጠረገች።

መጡ። በአህያ፣ በአንቀልባ፣ በፌስታል። አብዱልሐሊም የእሱን አራት ከጣራ ሥር ከሰቀለው ስልቻ አውጥቶ፣ «ዘገየሁ መሰል፤ ቅጣት አለው?» አላት። ገጾቹ እንደ ብቅል ደርቀዋል፤ አንድም አልሻገተ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። አንድ መጽሐፍ ብቻ ጎድሏል፣ ስለ ንግግር ጥበብ የሚያስተምር። ዙልፋ መዝገቡን ገልጣ ተዋሹን አየች፤ ፊርማው ከደብዳቤው ግርጌ ካለው ጋር አንድ ነው። ኃላፊው በሰኔ ወስዶት፣ በዚያችው የመጀመሪያ ሚኒባስ ይዞት ሸሽቷል።

«እሱንም በአሥራ አምስት ቀን ብዬው ነበር» አለች፣ መዝገቡን ብብቷ ውስጥ ከትታ።

እንግዲህ አንባቢ፣ ነገ ጧት ያን ጀግና መድረክ ላይ ወጥቶ ጉሮሮውን ሲጠርግ ካገኘኸው፣ እባክህ እጅህን አውጣና፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለህ፣ «መጽሐፉስ?» በለው።