ኤክሲቶ መውጫ አይደለም

ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ነበር የወሰዱኝ። «ለአጭር ጥያቄ ነው» አሉኝ። የጠመኔ ብናኝ ከእጄ ላይ ሳይለቅ የጭሮ ፖሊስ ጣቢያ የሴቶች ክፍል ተከፈተልኝ። ሲሚንቶው እርጥብ ነው፤ ጥግ ላይ ካለው ባልዲ የሚመጣው ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ጠና ያሉ ሴት ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ምንም ሳይጠይቁኝ የፍራሻቸውን ግማሽ ለቀቁልኝ። እንደ እናት «አዴ» እላቸው ጀመር።

የመቻራ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበሩ። በልጅነታቸው ኩባ ተልከው እዚያ ነው የተማሩት። የእንግሊዝኛ አስተማሪ መሆኔን ሲሰሙ፣ «እንግዲያው ስፓኒሽ ላስተምርሽ። ቀኑ እነሱ እንደሚፈልጉት አይለፍብን» አሉኝ።

ኪሴ ውስጥ በቀረ የጠመኔ ስባሪ ቃላቱን ግድግዳው ላይ እጽፍ ጀመር። ብዙው ከእንግሊዝኛ ጋር ስለሚመሳሰል የቀለለኝ መሰለኝ። አንድ ጠዋት ሳሙና ፈልጌ፣ «አዴ፣ ሶፓ ይስጡኝ» ስላቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«በሾርባ ልትታጠቢ ነው? ሶፓ ሾርባ ነው ልጄ። ሮፓም ልብስ ነው እንጂ እንደ እንግሊዝኛው ሮፕ ገመድ አይደለም። መልኩን አይተሽ አትሸወጂ።»

«ኤክሲቶስ? መውጫ ነው አይደል?»

«ወላሂ አይደለም! መውጫ ሳሊዳ ነው። ኤክሲቶ ስኬት ነው።»

ሮፓንና ኤክሲቶን በላቲን ፊደል ጎን ለጎን ጻፍኳቸው።

በማግስቱ መርማሪው ገብቶ ግድግዳው ፊት ለፊት ቆመ። ሁለቱን ቃላት በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ከዚያ ቢሮው አስጠራኝ።

«ገመድ፣ መውጫ» አለ። «ልታመልጡ ነው። ያሰበችው አሮጊቷ ናት፤ አንቺ ተታልለሽ ነው። እዚህ ላይ ፈርሚና ዛሬ ቤትሽ እደሪ።»

ቃሌ ተብሎ የተጻፈው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከውጭ የጫት መኪኖች ጥሩምባ ይሰማል። እናቴ ምሳ ይዛ በር ላይ ቆማ እንደምትጠብቅ አውቃለሁ።

«የተጻፈው ልብስና ስኬት ነው» አልኩት። «ስፓኒሽ ነው።»

«የእንግሊዝኛ አስተማሪ አይደለሽ? ኤግዚት ምንድን ነው?»

«ኤግዚት መውጫ ነው። የተጻፈው ግን ኤግዚት አይደለም።»

እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋው። መልሼ ገፋሁለት።

«እንግዲያው ትቆያለሽ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ክረምቱ እስኪወጣ ቆየሁ።

ወደ ክፍሉ ስመለስ አንድ ወጣት ፖሊስ እርጥብ ጨርቅ ይዞ ተከተለኝ። ጽሑፉን እንዲያስጠፋን ታዟል። የሆነውን ለነርሷ ነገርኳቸው። ጨርቁን አልተቀበሉትም።

«ቆይ ልጄ» አሉት። ጠመኔውን ከእጄ ወስደው፣ ከኤክሲቶ የመጀመሪያ ፊደል አናት ላይ እኔ የረሳኋትን ትንሽ ጭረት አደረጉበት።

«ከጠፋም በትክክል ተጽፎ ይጥፋ።»

ፖሊሱ እስኪጨርሱ ጨርቁን ይዞ ጠበቀ። ከዚያ አብረን ጠረግነው።

እሳቸው ዛሬ ጡረታ ወጥተው መቻራ ይኖራሉ። ስንደዋወል በስፓኒሽ ሰላም እላቸዋለሁ፤ ሰላምታዬን ከመመለሳቸው በፊት ስህተቴን ያርሙኛል። እኔም ወደ ማስተማሪያ ክፍሌ ተመልሻለሁ። ያን ቀን ሳትፈርሚ የቀረሽው እንዴት ደፍረሽ ነው የሚሉኝ አሉ። ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽም። ግን አስተማሪ ነኝ። የተሳሳተ መልስ ላይ ራይት አድርጌ አላውቅም።