ለነርሷ «አንተ»፣ ለእኔ «እርስዎ»

ዛሬ ረፋድ ላይ፣ ቡሬ ካለው ቤታችን በረንዳ ተቀምጬ በርበሬ ስቀነጥስ፣ የባለቤቴ የስለናት ስልክ ጮኸ። ክንዷን በደም ግፊት መለኪያው አስራ ስትጠብቅ ስለነበር በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው። መለኪያው ያነበበውን ቁጥር ራሱ በስልኳ በኩል ፍኖተ ሰላም ወዳለው ሆስፒታል ይልካል፤ እዚያ ያለች ነርስ አይታው ትደውላለች። ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ልጃችን ደጋግማ አስረድታኛለች፤ ገባኝ እያልኩ እሸኛታለሁ እንጂ አልገባኝም። የሚገባኝ ሌላው ነገር ነው። ስለናት ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ፊቷ ፈካ አለና፣ «አንተ! ምነው ጠፋህ!» አለች።

ነርሷ ሴት ናት። ስለናት የወደደቻትን ሴት «አንተ» ነው የምትል። እኔን፣ ባሏን፣ ከተጋባን ጀምሮ «እርስዎ» ትለኛለች። ፀጉሬ ሸብቶ እንኳ ይህን በሰማሁ ቁጥር ደረቴን ቆንጠጥ የሚያደርገኝ ነገር አለ። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

የጀመረኝ ስለናት የመጀመሪያ ልጃችንን ባረገዘች ጊዜ ነው። ያኔ ከቡሬ ወጣ ብሎ ገጠር ነበር የምንኖረው። እኔ በርበሬ ነጋዴ ነበርኩ፣ ቁመቴ ዘለግ፣ ትዕግሥቴ አጠር ያለ ጎረምሳ። ኅዳር ሲገባ ግቢያችን በተሰጣ በርበሬ ይቀላል፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ ከሰላምታው በፊት ያነጥሳል። ስለናት ባሏን በስሙ የማትጠራ፣ በአገራችን ወግ ያደገች ልጅ ናት። «ይብሉ እንጂ»፣ «ደከመዎት?» ትለኛለች። መጀመሪያ ላይ ደስ ይለኝ ነበር፤ ጢሙን ገና በወጉ ሳያበቅል እንደ ሽማግሌ መከበርን ማን ይጠላል?

መስከረም ላይ ደም ግፊት ተገኘባትና ፍኖተ ሰላም ተላከች። አብሬያት ሄድኩ። ሆስፒታሉ ከመደርደሪያ ካርድ መፈለጉን ትቶ የበሽተኛውን ነገር በኮምፒውተር መያዝ የጀመረበት ሰሞን ነበር። እሷ ገባች፤ እኔ ግቢው ውስጥ ከዛፍ ጥላ ሥር የተጠበሰ እሸት በቆሎ እየፈለፈልኩ ጠበቅሁ። ስትወጣ፣ «ነርስ ደስታ በኮምፒውተር መዘገቡኝ። በየጊዜው መመላለሱ ስለሚከብደኝ በስልክ ይከታተሉኛል» አለችኝ። «መዘገቡኝ»፣ «ይከታተሉኛል»፤ አንቱታ እንዲህ ነው፣ ወንድ ይሁን ሴት አይለይም። ወዲያው ከኋላዋ ነጭ ጋዋን የለበሰ፣ ፀጉሩን የተከረከመ መለሎ ጎልማሳ ብቅ አለ። ደስታ ማለት ይሄ ነው አልኩ በሆዴ። የማውቃቸው ደስታዎች ሁሉ ወንዶች ነበሩ።

ስልኩ መደወል ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ስለናት «እንደምን ዋሉ?»፣ «እሺ፣ እርስዎ እንዳሉ» ትል ነበር፤ ግድ አልሰጠኝም። በርበሬው መቅላት ሲጀምር ግን አንድ ቀን ከጓዳ፣ «እንዴት ነህ አንተ? ናፍቀኸኝ ነበር እኮ!» ስትል ሰማኋት። የያዝኩት ቁና ከእጄ ወደቀ። ሌላ ቀን ደግሞ፣ «እግሬማ እንደ ቅል አብጧል፤ መጥተህ ባየኸው!» አለች። እግሯን! እኔ የማላየውን እግር! ከወዲያ በኩል ያለው ድምፅ ለእኔ የንብ ጩኸት ያህል ብቻ ነበር የሚሰማኝ። በዚያ ላይ ግቢ ስገባ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፣ ወይ «እሳቸው መጡ» ብላ ትዘጋዋለች።

ሴቶች ሲዋደዱ «አንተ» እንደሚባባሉ አላውቅም ነበር እንዳልል፣ እህቶቼ ሲባባሉ ነው ያደግሁት። የቀና ሰው ግን የሚያውቀውን ሁሉ ይረሳል። ማነው እሱ ብዬ እንዳልጠይቃት ኩራቴ ያዘኝ። ማታ ራት ስታቀርብልኝ «ይብሉ» ስትል ቃሉ እንደ ድንጋይ ይቆረቁረኝ ጀመር። ያ የተከረከመ ሰውዬ በስልክ ብቻ «አንተ» ሲሆን፣ እኔ አብሬያት እየኖርኩ ለእንግድነት የመጣ ዳኛ መሰልኩ።

ኅዳር አጋማሽ ላይ አላስቻለኝም። «በርበሬ ልሸጥ ፍኖተ ሰላም እሄዳለሁ» አልኳት። «በደኅና ይመለሱ» አለችኝ፣ አንገቷን ደፍታ። ሚኒባሱ ማንኩሳን ሲያልፍ የሚታጨደውን ጤፍ በመስኮት እያየሁ የምናገረውን አሰናዳሁ። «ሚስት የለህም ወይ?» እለዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው እንደ አመላለሱ ነው።

ሆስፒታሉ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል አሳዩኝ። ኮምፒውተር ፊት ለፊት አጠር ያለች፣ ሹራብ የደረበች ሴት ተቀምጣለች።

«ደስታ የሚባለውን ፈልጌ ነበር» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«እኔ ነኝ» አለችና አነጠሰች። በርበሬው ከልብሴ ጋር መጥቷል።

«ወንዱን ነው።»

«ወንድ ደስታ እዚህ የለም ጋሼ። ምን ልታዘዝ?»

ያሰናዳሁት ንግግር ሁሉ በነነ። ሳላስበው የስለናትን ስም ተናገርኩ። ደስታ ስሟን በጣቶቿ መታ መታ አደረገችና ገጹ ተከፈተ። ፊቷ ፈካ አለ። «የበርበሬው ጌታ እርስዎ ነዎት!» አለችኝ።

እፎይ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እውነቱን ልናገር፣ ወንድ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ወንድን ይጣሉታል። ይህችን ምን አደርጋታለሁ? ስለናት ይህን ሁሉ ጊዜ ያወራቻት፣ እኔ የማላውቀው፣ ይህች ግን የምታውቀው ብዙ ነገር አለ ማለት ነው። አንገቴን ወደ ኮምፒውተሩ አሰገግሁ። «ምንድን ነው የምትነግርሽ?» አልኳት።

ደስታ ኮምፒውተሩን ቀስ ብላ ወደ ራሷ አዞረችው። «እሱ የእሷ ነው፤ እርስዎ ራሷን ይጠይቋት» አለችኝ። «አሁን ልደውልላት ነበር፤ መምጣትዎንም እነግራታለሁ።»

ደወለች። ስለናት፣ እንደ ገጠር ሰው ሁሉ፣ ብቻዋን ስትሆን በስልክ የምታወራው ወንዝ ማዶ ላለ ሰው እንደምትጣራ ነው። ደስታ ገና አፏን ሳትከፍት የስለናት ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«አንተ! እንኳን ደወልክልኝ! ራሴን ሊፈልጠኝ ነው፤ ዓይኔም ከትናንት ጀምሮ ብዥ ይልብኛል። እሳቸው እስኪሄዱ ነው የጠበቅሁ። እናታቸው በወሊድ ነው የሞቱ፤ እንዴት ብዬ እነግራቸዋለሁ?»

ደስታ መልኳ ተለወጠ፤ «ተኚ፣ በግራ ጎንሽ ተኚ፣ ጎረቤት ጥሪ፣ አሁኑኑ እንመጣለን» እያለች በሌላው እጇ የግድግዳውን ስልክ አነሳች። አምቡላንስ ተነሣ። ደስታም ገባች፣ እኔም ገባሁ። ስመጣ ያጠረኝ መንገድ ስመለስ ማለቂያ አጣ። የምጣላው ሰው ፍለጋ ባልመጣ ኖሮ ይህን ቃል ማን ይነግረኝ ነበር እያልኩ ነጂውን አጣድፍ ነበር።

ስለናትን ከቤት አንስተን ስንመለስ ዓይኗን ጨፍና ነበር። በአንዱ ጎኗ እኔ፣ በሌላው ደስታ። አንድ እጇን እኔ ይዣለሁ፣ ሌላውን ደስታ። መኪናው የጥርጊያውን መንገድ ጨርሶ አስፋልት ሲይዝ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«አንተ፣ እንዳትለቀኝ።»

ለማን እንዳለችው አላውቅም። ሁለታችንም «አለሁ» አልን፣ እኩል።

በዚያው ቀን ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ሁለቱም ተረፉ። ልጅቱን ስለናት ደስታ አለቻት። ምን እላለሁ? በማግስቱ ዓይኗን ስትገልጥ የመጀመሪያ ቃሏ፣ «እህል ቀመሱ?» የሚል ነበር። እጄን ግን አለቀቀችም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ኖርን። ሌሎች ነርሶች መጡ፣ ሄዱ፤ ከተማም ገባን። አንዴ «አንተ በይኝ እንጂ» ብዬ ለመንኳት፤ ሞከረች፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀችና ተወችው። መከበር ደግ ነው፤ ግን የሚከበር ሰው ራስ ምታት አይነገረውም። ያን ቀን ለማን እንዳለችው ደግሞ አልጠየቅኋትም። የምትነግረኝን ፈራሁ መሰለኝ።

ዛሬ ረፋድ ከነርሷ ጋር ስትስቅ ቆይታ መለኪያውን ከክንዷ ፈታች። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ በርበሬዬን እቀነጥሳለሁ፤ አኩርፌያለሁ።

«በል ተወው አንተ፣ ና ምሳህን ብላ» አለች ከኋላዬ።

ዞር አልኩ። ስልኩ ተዘግቶ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። በረንዳው ላይ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም።