የኪታዙሜ ጣቶች

ኪታዙሜ ቶኩዞ በጃፓን ሃማማትሱ ከተማ፣ ለአንዲት ትንሽ መኪና ቴስታታ፣ ማለትም የሞተሯን የላይኛ ክዳን፣ በእጁ ሲሞርድ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። አየር የሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ዓይን አይደርስም። ስለዚህ ዓይኑን ጨፍኖ ሌባ ጣቱን ይሰዳል፤ ጣቱ ለስልሷል ካለው ለስልሷል።

መኪናዋ መጀመሪያ ስትወጣ የቤት እመቤቶች ገበያ የሚመላለሱባት ሣጥን ነበረች። ሁለተኛዋ ሞዴል ዝቅና ሰፋ ብላ መጣች። ሦስተኛዋ ግን፣ ከነቀይ ወንበሯ፣ በተራራው ጠመዝማዛ መንገድ የሚከንፉትን ወጣቶች ልብ ወሰደች። የእሷን ሞተር ማሽን ብቻውን አይጨርሰውም ተብሎ ነው እነኪታዙሜ ሥራውን የያዙት። አሁን የጭስ ሕጉ ጠብቋል፤ ወጣቱም ሰፊ መኪና ይፈልጋል። ምርቷ ሊቆም የቀሩት ሁለት መቶ ሞተሮች ናቸው።

የኤሌክትሪክ መሞረጃው ንዝረት ጣቶቹን ቀስ በቀስ በላቸው። የክረምቱ ደረቅ ነፋስ ሲነሣ ጫፋቸው እንደ ሻማ ይነጣል፤ ይደነዝዛል። ለሚስቱ እንኳ አልነገረም። ቢናገር ዕቃ ቤት ይመድቡታል፤ የመጨረሻዎቹን ሞተሮች ሌላ ሰው ይጨርሳቸዋል።

አንድ ጠዋት፣ ሠራተኛው የሬዲዮውን የማለዳ ስፖርት እየተከተለ ሰውነቱን አፍታቶ እንዳበቃ፣ ፎርማኑ ሂራባያሺ አንድ ቴስታታ አምጥቶ ፊቱ አስቀመጠ።

"ጋሽ ኪታዙሜ፣ ይቺን በክርንዎ ነው የሞረዷት?"

"ምን ሆነች?"

"ውስጧ የጥፍር ውፍረት ያለው እርከን አለ። የጥራት መርማሪዎቹ መለሷት።"

"መብራቱ ደክሞ ይሆናል።"

"እርስዎ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በመብራት የሚሠሩት?" ብሎ ሂራባያሺ እየሳቀ ሄደ።

ኪታዙሜ ጣቱን ሰደደ። ምንም አልተሰማው። መደርደሪያው ላይ በሳምንቱ የጨረሳቸው አሥራ አራት ቴስታታዎች፣ ሁሉም የእሱን ማኅተም ይዘው፣ ከሰዓት በኋላ ለመጫን ይጠብቃሉ። ዝም ቢል ይሄዳሉ። መርማሪ ሳያያት ያለፈች ቴስታታ ያለባትን መኪና አንድ ወጣት ለዓመታት ገንዘብ አጠራቅሞ ይገዛታል።

ደክሞት ነበር፤ ለመዋሸትም አቅም አጣ። ራሱ ሥራ ወዳስተማራት ወደ ኖጂሪ ሄደ።

"ጓንትሽን አውልቂና ነይ።"

"ምነው ጋሼ፣ ዛሬ የእኔ ጣት አማረዎት? ድንች ነው ሲሉኝ አልነበር?"

"ድንችም ቢሆን ይሰማዋል። የእኔ አይሰማውም።"

ሳቋ ቆመ። አሥራ አራቱንም አንድ በአንድ ዳሰሰች። እሱ ጎኗ ቆሞ ፊቷን ያያል።

"አራቱ እርከን አላቸው" አለችው ቀስ ብላ። "ሂራባያሺ ሳያይ ላስተካክላቸው?"

"አይሆንም። ማኅተሙ የእኔ ነው፤ እኔው እነግረዋለሁ።"

አራቱን አወረዳቸው። መሞረጃውን ከሶኬት ነቅሎ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረላት።

"ወደ ግራ ትጎትታለች። አጥብቀሽ ያዣት" አላት።

ከዚያም ቆቡን አውልቆ የፎርማኑን በር አንኳኳ።