ከፎቶው የተቆረጠው ሰው

ኑርዬ ከሐይቅ ከተማ ወጥቶ አዲስ አበባ አንድ ጋዜጣ ቤት የገባው ፊልም አጣቢ ሆኖ ነበር። ኋላ የፎቶ አዘጋጅ ሲሆን ዘመዱ ሁሉ «ሰው ወጣልን» አለ። እንጀራው ግን መቁረጥ ነበር። አለቆቹ «ተስፋ ይታይበት» ይሉታል፤ እሱም በቀይ እርሳስ አስምሮ የከሳውን፣ የተራቆተውን፣ የሚያለቅሰውን ከፎቶው ያስወጣል። ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም ነው። የሚቆርጠውን ሰው ፊት ማየት ከተወ ቆይቷል። ምን ያድርግ፣ እያየማ እራቱ በጉሮሮው አይወርድለትም።

ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ ፈቃድ ወስዶ ሐይቅ፣ ታላቅ እህቱ ራህማ ዘንድ መጣ። ሰውነቱ ዝሎ፣ ማውራትም ታክቶት ነበር። የራህማ ግድግዳ እንደ ጎረቤቶቿ ሁሉ እሱ የሚሠራበት ጋዜጣ ተለጥፎበታል፤ ፊደል ስለማታውቅ ግማሹ ተዘቅዝቋል። ኑርዬ በዚያ ሊስቅ ሲል እሷ አንዱን ፎቶ አሳየችው። ከውጫሌ ወደ ሰፈራ የሚሄድ የጭነት መኪና ነው። የመኪናው ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ልጅ ፈገግ ብሏል። ትከሻው ላይ ጣቱ የጎደለ እጅ አርፏል፤ የእጁ ባለቤት ግን የለም።

«ይኸ የሐሰን እጅ ነው» አለች ራህማ። «ያን ጣት ማጭድ ሲበላው ያሰርሁለት እኔ ነኝ።»

ሐሰን ባሏ ነው። በድርቁ እህል ፍለጋ ውጫሌ እንደሄደ አልተመለሰም።

«መኪናው ላይ ከነበረ በሕይወት ይኖራል፣ እጠብቀዋለሁ። ታች ቆሞ ሰው ሲሸኝ ከነበረ ግን ረሃቡ ጨርሶታል ማለት ነው፤ የባል ሐዘን ዒዳዬን ልቀመጥ፣ የሙት ሶደቃውንም ላውጣለት። ፎቶ የምትቆርጠው አንተ ነህ፣ ሙሉውን አይተኸዋል። የት ነበር?»

ኑርዬ ወደ ፎቶው ተጠጋ። መኪናው ላይ ነበር ቢላት ማን ይጠይቀዋል? ተስፋ ማሳየት ሥራው አይደል? ለእሷ ግን አፉ እምቢ አለው።

«አላውቅም፣ እቴ። ፊቱንም፣ የነበረበትንም ልብ ብዬ አላየሁም። ማልቀሱን ብቻ አይቼ ቆረጥሁት።»

«ቁራጩስ?»

«እሱም፣ ፊልሙም ተቃጥሏል።»

ራህማ ፎቶው ላይ ያለውን እጅ በጣቷ ዳሰሰች። አልተቆጣችውም፤ ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

«እኔስ» አለች በመጨረሻ፣ «እያለቀሰም ቢሆን አየው ነበር።»