ቆላ የወረደ ጎመን

ዘቢደር የምትሰጋበት ነገር ያጣች ቀን፣ ምን ረስቼ ይሆን እያለች ስትሰጋ ትውላለች። ጎረቤት ዝም ካለ ታሟል፤ ጮክ ብሎ ካወራ ተጣልቷል። ስልክ ከጠራ ሰው ሞቷል፤ ካልጠራ ደግሞ የሚደውለው ሰውዬ ራሱ ሞቷል። አስተማሪ የሆነችው ልጇ፣ ናዝሬት፣ ታክሲ ጠፍቶባት ትንሽ ከዘገየች፣ ዘቢደር ነጠላዋን ደርባ በር ላይ ቆማ ትገኛለች። “እማዬ፣ አንቺ እኮ ሐሳብ ቢያልቅ ተበድረሽ ታስቢያለሽ” ትላታለች ናዝሬት። እውነቷን ነው። ነገር ግን ለዘቢደር አንድ ነገር ልንመሰክርላት ይገባል፤ ባለፈው ጥቅምትና ኅዳር የሰጋችው በከንቱ አልነበረም። አደጋው የሚመጣበትን አቅጣጫ ብቻ ነው የሳተችው።

ዘቢደርና ባሏ ወልደገብርኤል ዕድሜያቸውን የፈጁት እንጦጦ አፋፍ ላይ ነው፤ ድንችና ገብስ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጎመን ሲያበቅሉ። ዝናቡ ካባራ በኋላ እዚያ ላይ የሚፈራው ውርጭ ነው። ማታ ለምለም የነበረውን ማሳ ጠዋት ተጠብሶ ታገኘዋለህ፤ አቤት የምትልበት ቦታም የለም። ስለዚህ ዘቢደር ልጅ በምታሳድግበት ዘመን እንኳ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጀመሪያ የምታለብሰው ችግኙን ነበር፤ ናዝሬት ከዚያ በኋላ ተራዋ ይደርሳታል። ሣር፣ ቅጠል፣ ላስቲክ፣ ያረጀ ብርድ ልብስ፣ ያገኘችውን ሁሉ ታለብሰዋለች።

ታዲያ ባለፈው ክረምት ወልደገብርኤልን ትንፋሽ አጠረው። ሐኪሙ ሳንባው መጎዳቱን ነገራቸው፤ የእንጦጦ ብርድም ከፍታውም እንደማይስማማው፣ ሞቅ ወዳለ ቦታ መውረድ እንዳለበት። ሞቅ ያለ ቦታ ሆኖ የተገኘው ከተራራው በታች ያለው ሲግናል ሰፈር ነው፤ ናዝሬትና ባሏ ማቲዎስ የተከራዩት፣ ግቢው ሲሚንቶ የሆነ ቤት። የሲግናል ሰው አገርህ ሞቃት ነው ቢሉት ሹራቡን እየቆለፈ ይስቃል። ለዘቢደር ግን ቆላ ነው። ዘመድ ደውሎ የት ናችሁ ሲላት “ቆላ ወርደናል” ትላለች፣ አዋሽን የተሻገረች ይመስል።

ወልደገብርኤል ቆላውን አልወደደውም። ጠዋት ደግፈው በረንዳ ላይ ያስቀምጡታል፣ ሲመሽ ደግፈው ያስገቡታል። ቀኑን ሙሉ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ይቀመጣል። መስከረም ሲያልቅ፣ እራት ላይ፣ ለታኅሣሥ ገብርኤል ወደ ቤቱ እንደሚመለስ በእርጋታ ተናገረ። ናዝሬት ለመነች፣ ተቆጣች፣ አለቀሰች። እሱ እንጀራውን መቁረሱን ቀጠለ። ከድንጋይ ጋር መነጋገር ማለት ይኸው ነው።

መላ ያመጣው ማቲዎስ ነበር። ማቲዎስ ቢሮ ተቀምጦ የሚውል፣ ምስማር በመታ ቁጥር ጣቱን የሚመታ ሰው ነው፤ ልቡ ግን ደግ ነው።

“አባባ፣ ሬይዝድ ቤድ እንሥራልዎት” አለ። “ዩቲዩብ ላይ አይቻለሁ። ብሎኬት ደርድረን አፈር እንሞላዋለን፣ አለቀ። መጎንበስ የለ፣ መቆፈር የለ፤ ወንበርዎ ላይ እንደተቀመጡ ይተክላሉ።”

“መደብ ማለትህ ነው” አለ ወልደገብርኤል።

“አዎ መደብ፤ ግን ከፍ ያለ።”

አዛውንቱ ከመጡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። “እሺ። እንግዲያው ስሙኝ” አለ። “ለገብርኤል ከዚህ መደብ በገዛ እጄ ጎመን ቀጥፌ ከበላሁ እዚሁ እቀራለሁ። መሬቱ እንቢ ካለኝ ግን ማንም እንዳይከለክለኝ፤ ቤቴ እገባለሁ።”

ናዝሬት በደስታ እልል አለች። ማቲዎስ አጨበጨበ። ዘቢደር ግን እልልታውን አልተቀበለችም፤ ባሏ ያለውን የሚያደርግ ሰው መሆኑን ታውቃለች። ወደ ላይ መመለስ ምን ማለት እንደሆነም በዚያ ቤት ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ክረምት ላይ ትንፋሹ የተቋረጠ ጊዜ በዝናብ ውስጥ መኪና ጠፍቶ፣ ጎረቤታቸው ገረሱ እየሮጠ የሚያጓጉዝ ሰው ሲፈልግ፣ እሷ ብቻዋን ደረቷ ላይ አስደግፋ ይዛው ነበር። ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ዓይኑ ፈጦ፣ አየር ሲለምን አይታዋለች። ያ ፊት አሁንም ሽንኩርት ስትልጥ፣ ጸሎት ስታደርስ፣ በድንገት ይመጣባታል።

ስለዚህ መደቡ ለዘቢደር የጓሮ አትክልት አልነበረም። የባሏ ነፍስ ብሎኬት ተደርድሮላት ግቢ ውስጥ የተቀመጠች ያህል ነው የቆጠረችው።

ማቲዎስ ሁለት ጣቶቹን ከጎዳ በኋላ መደቡ ተሠራ። ፍግ የተቀላቀለበት አፈር ተሞላ። ዘቢደር ከላይ በጨርቅ ቋጥራ ያመጣችውን የጎመን ዘር ፈታች፤ ወልደገብርኤል ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ዘራው። እጁ አልረሳም፤ አፈሩን በሁለት ጣት እያሸ፣ እየበተነ፣ መልሶ በመዳፉ መታ መታ እያደረገ። ጎመኑ ለመብቀል አላስቸገረም። ሳምንት ሳይሞላው መደቡ አረንጓዴ ሆነ።

የዘቢደርም መከራ ጀመረ። ማታ ማታ ላስቲክ ታለብሳለች፣ በላስቲኩ ላይ ብርድ ልብስ፣ በብርድ ልብሱ ላይ ድንጋይ። ጠዋት ፀሐይ ግድግዳውን ሳትመታ አትገልጠውም። ባሏ ከበረንዳው ሆኖ ያያትና በየማታው “እግዜር ይስጥሽ” ይላታል። ይህቺ ቃል ድካሟን ታስረሳታለች። ናዝሬት “እማዬ፣ እዚህ ውርጭ የለም እኮ” ብትላት፣ “ውርጭ አድራሻ ጠይቆ ነው እንዴ የሚመጣው?” ብላ ታፈጥባታለች።

አንድ ቀን ጠዋት ስትገልጠው ግማሹ ቡቃያ ተኝቷል። አንገቱ እንደ ክር ቀጥኖ አፈሩ ላይ ወድቋል። በማግስቱ የቀረው ተከተለ።

“መሬቱ አልተቀበለኝም” አለ ወልደገብርኤል።

ዘቢደር ግን ሌላ ዘር ቋጠሮ ነበራት። ከኅዳር ሚካኤል በኋላ እንደገና ተዘራ፣ እንደገና በቀለ። አሁንማ ጥንቃቄዋ ባሰበት፤ ላስቲኩን ድርብ አደረገችው፣ ዳር ዳሩን በአፈር ደፈነችው። የነቢያት ጾም ገብቶ እያለ፣ በጾም እንኳ ጥቂት ቅጠል ብትደርስልኝ እያለች ስትሳል፣ እነዚህም ከአንድ ጥግ ጀምረው መተኛት ያዙ። ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ለራሷ ጤና ለምና የማታውቅ ሴት፣ ለጎመን ተንበርክካ ለመነች።

በዚህ መካከል ማቲዎስ የመኪናው መስኮት ተሰበረበትና ሳይናገር ለመስኮቱ መሸፈኛ ከላስቲኩ ላይ ቆርጦ ወሰደ። ዘቢደር ማታ ልታለብስ ስትል ላስቲኩ አጠረ፣ ብርድ ልብሱም ያን ቀን ታጥቦ አልደረቀም። አንደኛው የመደቡ ጥግ ራቁቱን ቀረ። አማቿን በሆዷ የረገመችውን ያህል ረገመችው፤ ለዚያች ጥግ ብቻ ለይታ ጸለየች፤ እንቅልፍም ሳይወስዳት ነጋ።

ጠዋት ወጥታ ስታይ፣ የለበሱት ተኝተዋል። ያልለበሱት ቀጥ ብለው ቆመዋል።

መጀመሪያ ተአምር ነው ያለችው፤ ገብርኤል በክንፉ ጋርዷቸው አደረ ብላ ተሳለመች። ቀጥሎ ግን፣ ተአምር ቢሆን ጥግ ይመርጥ ነበር እንዴ የሚል ሐሳብ መጣባት። በማግስቱ ሌላ ስንዝር ያህል ሳትሸፍን ተወች። እነሱም ቆመው አደሩ። ላስቲኩ ሥር እጇን ብትሰድ አፈሩ ሞቋል፤ ወበቁ ጠብታ ሆኖ እጇ ላይ ወረደ፤ የሻገተ ነገር ሸተታት። ያኔ ገባት። ውርጭ የሚባል ነገር ወደዚህ ግቢ ጭራሽ አልመጣም። አፍና የምትገድላቸው እሷ ራሷ ነበረች።

ሌላ ሰው ቢሆን ያዝን ነበር። ዘቢደር ግን ደስ አላት፤ ጥፋቱ የእጇ ከሆነ እጇን መሰብሰብ ትችላለችና። ነጠላዋ መሬት እየጠረገ ወደ በረንዳው ሮጠች።

“ወልዴ! አገኘሁት! መሬቱ አይደለም፣ እኔ ነኝ! ላስቲኩ ነው የጨረሳቸው፤ እዚህ ሙቀት ነው፣ አፍነናቸው ነው እኮ!”

ወልደገብርኤል አልደነገጠም። ደስም አላለውም። ከዘራውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

“አትሰማኝም እንዴ?”

“እሰማሻለሁ።”

“እና ምን ዝም ያሰኝሃል?”

“አውቄዋለሁ” አለ፣ ዓይኑን ከተራራው ሳይነቅል። “የመጀመሪያዎቹ የወደቁ ጊዜ ነው ያወቅኩት።”

ዘቢደር የቀለደባት መስሏት ፊቱን አየችው። ቀልድ አልነበረም። ገበሬ ነው፤ አፈር ሲታፈን ሽታው ከሩቅ ይነግረዋል። አውቆ ነው ዝም ያለው። ጎመኑ እንዲሞት ፈልጎ፣ ገብርኤል ደርሶ ቤቱ እንዲገባ፣ እሷ በገዛ እጇ ስትገድለው በየማታው እያየ።

ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

“በየማታው” አለች፣ “በየማታው እግዜር ይስጥሽ ትለኝ ነበር።”

“ዘቢደር...”

“የሚሰጠኝ ይህን ነው? እንሂድ ብትለኝ እሄድ ነበር፣ አትድከሚ ብትለኝ እተው ነበር። በእኔ እጅ! ሌላ እጅ አጣህ?”

“እዚህ እኔ ምንድን ነኝ?” አለ እሱም ቆጣ ብሎ፤ ቁጣው ግን ትንፋሹን ነሳውና ጥቂት አረፈ። “ጠዋት ያወጡኛል፣ ማታ ያስገቡኛል። ዕቃ ነኝ። እዚያ ብሞት እንኳ በቤቴ ነው የምሞተው። ሞት እንደሆነ የትም አይቀር።”

“አንተማ ትሞታለህ” አለች ዘቢደር። እንዲህ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። “የምትሞተው አንተ ነህ፣ የማይህ ግን እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ፊትህን አንተ አላየኸውም። እኔ ነኝ ያየሁት። አየር አየር ስትል የያዝኩህ እኔ ነኝ። እንደገና ያዢኝ ነው የምትለኝ፤ ያውም ሳትጠይቀኝ። አንድ ቀን እንኳ አንቺስ ምን ይሻልሻል ብለኸኝ ታውቃለህ?”

መልሱን ሳትጠብቅ ተነሥታ ገባች።

ከዚያ ወዲያ ባሉት ቀናት ቤቱ ጨው እንደጎደለው ወጥ ሆነ። ዘቢደር ወደ መደቡ መሄዱን ተወችው፤ ላስቲኩም ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ወደቀ። ጥጉ ላይ የተረፉት ጥቂት ጎመኖች ያለ ጠያቂ ቆሙ። ስጋቷ ግን ገብርኤል በቀረበ ቁጥር እየባሰ ሄደ። የባሏን በርኖስ አጥባ ሰቀለችው፣ ለመንገድ እንደሚሆን ስለምታውቅ። የእሷንም ጋቢ አብራ አጠበች። እሱ ከወጣ አብራው እንደምትወጣ ማንም አልጠየቃትም፤ ግልጽ ነገር ነው።

በዓሉ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ወልደገብርኤል ወንበሩን ወደ መደቡ እንዲያስጠጋለት ማቲዎስን ጠየቀ። ዘቢደር በመስኮት አየችው። የሞቱትን ቡቃያዎች አንድ በአንድ ነቀለ። አፈሩን በማንኪያ ገለባበጠ፣ እጁን እስከ አንጓው ከቶ አናፈሰው። በየመካከሉ እያረፈ፣ ትንፋሹን እየሰበሰበ፣ ብዙ ቆየበት። ከዚያ ኪሱ ገብቶ ከቋጠሮው የተረፈውን ዘር አወጣ። መቼ እንደወሰደው አታውቅም። ዘራው፣ አፈር አለበሰው፣ በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

ፀሐይ ከባሕር ዛፎቹ ኋላ ስትገባ ዘቢደር ወጣች። ልታስገባው ነበር የወጣችው፤ ግን ብርዱ ጉንጯን ሲነካት እጇ ሳታዘው የተጠቀለለውን ላስቲክ አነሣ።

“ተይው” አለ ወልደገብርኤል። “አትሸፍኚው።”

ላስቲኩን እንደያዘች ቆመች። መጠየቅ ፈራች፣ አለመጠየቅም አልሆነላት።

“ለገብርኤልስ?” አለችው።

“ለገብርኤል ገና ቡቃያ ነው” አለ፣ በእጁ ላይ የቀረውን አፈር ወደ መደቡ መልሶ እያራገፈ። “ትቼው የት እሄዳለሁ?”