አባቴን ፀሐይ ሳሞቅ

ሐኪሙ የደም ውጤቱን አየት አድርጎ «አባትሽ ቫይታሚን ዲ በጣም አንሷቸዋል» ሲለኝ የሌላ ሰው ወረቀት የያዘ መስሎኝ ነበር።

«ከፀሐይ የሚገኘው ነገር?» አልኩት።

«እሱ ነው።»

ወላሂ ሳቄ መጣ። አባቴ ግራና አካባቢ ዕድሜውን ሙሉ ያረሰ ሰው ነው። ወረዳችን ሀብሩ ደግሞ ፀሐይ የሚጎድልበት አገር አይደለም፤ እኛ የምንኖረው ከፀሐይ እየሸሸን ነው። ሐኪሙ ግን ቀና ብሎ «ለመሆኑ እቤት ከዋሉ ስንት ጊዜያቸው ነው?» አለኝ።

አባቴ አራት ዓመት ሙሉ ዳሌውን እያመመው መርሳ እኔ ቤት ተኝቶ ነው የኖረው። የተበላው መገጣጠሚያ በቀዶ ጥገና ወጥቶ ሰው ሠራሹ ከገባለት ወዲህ ደግሞ፣ ሁለት ወር ሙሉ በሩን የዘጋሁበት እኔው ነኝ። ምች ፈርቼ ነው። ቁስል ያለበትን ሰው ፀሐይ ካገኘው ምች ይመታዋል ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። መጋረጃውን ደረብኩ፣ ጋቢ አከናነብኩት፣ አልበቃኝ ብሎ የበሩን ስንጥቅ ከስፌት በተረፈ ቁራጭ ጨርቅ ወተፍኩት። ሐኪሙ ፊት ይህን ለመናገር አፈርኩ።

«አጥንቱም ጡንቻውም ደክሟል» አለኝ። «ከወደቁ፣ ወይም ዳሌው ከቦታው ከወጣ፣ እንደገና መክፈት ሊመጣ ይችላል።»

ከወልድያ ሆስፒታል ስንመለስ መንገዱን ሙሉ በጆሮዬ የሚጮኸው ይኸው ቃል ነበር። አባቴ ከሰመመኑ የነቃ ዕለት «ሁለተኛ ቢላ አይነካኝም፤ ከእንግዲህ ከወጣ ከነወጣው ቅበሩኝ» ብሎ ተናግሯል። አባቴ ደግሞ አንዴ አልሁ ካለ አለ ነው።

ትእዛዙ ቀላል ነበር። በሳምንት አንድ ክኒን ይውጣል። ረፋድ ላይ እጁንና እግሩን ገልጦ ፀሐይ ይሞቃል። አይጎንበስ፣ ዝቅ ያለ ነገር ላይ አይቀመጥ። በእኛ ቤት ደግሞ ያለው መቀመጫ መደብና በርጩማ ብቻ ነው። አናጢ ጠርቼ ክንድ ማስደገፊያ ያለው ከፍ ያለ ወንበር አሠራሁ። ጓሮውን የማንጎው ዛፍና የጎረቤት ፎቅ ስለሚጋርዱት፣ የረፋድ ፀሐይ የሚገኘው ከደጃፉ፣ መንገድ ዳር ብቻ ነው። እዚያው ወሰድኩት።

«እንደ አራስ ልጅ ባቴን ገልጬ? በአደባባይ?» አለ።

«ሽርጡን እስከ ጉልበት ብቻ፣ አባ። መድኃኒት ነው።»

እያጉረመረመ ተቀመጠ። እኔም የስፌት መኪናዬን በሩ ስር አድርጌ በአንድ ዓይኔ ጨርቁን፣ በአንድ ዓይኔ እሱን መጠበቅ ያዝኩ። ይኼኔ ነው ያላሰብኩት ጉድ የመጣው።

አባቴ ሰው ሲመጣ ቁጭ ብሎ ሰላምታ ተቀብሎ አያውቅም። ትልቅ ሰው ይሁን ትንሽ፣ እስላም ይሁን ክርስቲያን፣ «ኖር!» ብሎ ብድግ ይላል። መጪው «በአላህ ይቀመጡ!» ካላለው አይቀመጥም። የመርሳ መንገድ ደግሞ ሰው አይጠፋበትም፤ ግማሹ ግራና ሳለ የሚያውቀው ነው። «አሰላሙ አለይኩም!» ሲባል ሁለት እጁን ወንበሩ ላይ ተክሎ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ብድግ። «በአላህ ይቀመጡ፣ በሞቴ!» ሲባል ቁጭ። ገና ሳይደላደል ሌላ ሰው። «እንደምን አደሩ?» ብድግ። እሱ በተነሳ ቁጥር የእኔ እግር ፔዳሉ ላይ ይደርቃል። አንድ ቀን ብቆጥር፣ ፀሐዩ ሳይከር ሠላሳ ሁለት ጊዜ ተነሳ!

«አባ፣ ኧረ በአላህ! ሶላቱን እንኳ ቁጭ ብለው እየሰገዱ አይደል? ለአላህ ያልተነሱትን ለሰው ይነሳሉ?»

«አላህ ልቤን ያያል» አለኝ። «ሰው የሚያየው መቀመጫዬን ነው።»

ከእሱ ጋር ክርክር ዋጋ የለውም።

አንድ የገበያ ቀን ሦስት ሰዎች ተከታትለው መጡ። ለሦስተኛው ሲነሳ ቸኩሎ የተደገፈው ምርኩዝ ተንሸራተተ። ወደ ጎን ዘንበል ሲል መቀሱን ጥዬ እንዴት እንደዘለልኩ አላውቅም፤ ሽርጡን ከነወገቡ ጨምድጄ ያዝኩት። እሱ «ምነው? ምን ሆንሽ?» ይለኛል። እኔ ነፍሴ ልትወጣ ነው።

በማግስቱ እሱ ሳያውቅ ነጠላዬን አጣፋሁና ወጣሁ። ከመስጊድ የሚመለሱትን፣ ወፍጮ ቤት የተሰለፉትን፣ በደጃችን የሚያልፉትን ሁሉ አንድ በአንድ ለመንኩ። «ለነፍሱ ብላችሁ፣ አባቴን ሰላም አትበሉት። ባላየ እለፉት።» አንዳንዱ ደነገጠ፣ አንዳንዱ ከንፈሩን መጠጠ፤ እሺ ያላለኝ ግን የለም። ከሁሉ የከበደኝ ከሲሪንቃ በኩል ሽንኩርት የሚያመጡት ክርስቲያን ባልንጀራው ነበሩ። አብረው ያደጉ፣ ፋሲካና ኢድ ሲመጣ አንዱ ሌላውን ሳይጠይቅ የማይውሉ ናቸው።

«እሱን? ዝም ብዬው ልለፍ?» አሉኝ።

«እንዳይወድቅብኝ ነው፣ አባባ።»

የአህያቸውን ጭነት አጠበቁና «እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አሉ።

ተሳካልኝ ብዬ ደስ አለኝ። አፈር ልብላ! ከዚያ በኋላ መንገዱ ጭር አለ። ሰዉ እኛ ደጅ ሲደርስ ወደ ማዶ ይሻገራል፣ ወይ ስልኩን ያያል፣ ወይ ልጁን መቆጣት ይጀምራል። አባቴ መጀመሪያ «ገበያው ቀዘቀዘ?» አለኝ። በሦስተኛው ቀን «አገሩን ምን ነካው?» አለ። እኔ ክሬን በጥርሴ እየበጠስኩ «ሰዉ ሥራ በዝቶበት ነው» አልኩት።

ባልንጀራው ያለፉ ቀን ነው አንጀቴ የተቆረጠው። ከነአህያቸው በማዶ ጥግ ጥጉን፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሸፍነው፣ አንገታቸውን ወደ ወዲያ አዙረው ሄዱ። አባቴ ከሩቅ አይቷቸው ኖሮ፣ ገና ሳይደርሱ እጁን ወንበሩ ላይ ተክሎ ነበር። እስከ ግማሽ ተነስቶ በዓይኑ ሸኛቸው። ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ይቀመጡ ያለው ሰው አልነበረም። ያኔ ልነግረው ይገባኝ ነበር፤ ፈራሁ።

«ወንበሩን አስገቢው» አለኝ።

«ፀሐዩስ፣ አባ?»

«ጠገብኩ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአልጋው የሚወርደው ለውዱ ትጥበትና ለሶላት ብቻ ሆነ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ብለምነው፣ ብቆጣው፣ ባለቅስበት አይሰማም። ክኒኑን ግን በየሳምንቱ አስዋጥኩት። መስኮቱን ከፍቼ ፀሐዩን እስከ አልጋው ባመጣውም ጋቢውን ይከናነባል። «ዋናው አለመውደቁ ነው» እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ ምግቡ ግን ሳይነካ ይመለሳል።

ቀጠሮው ደርሶ ወልድያ ሄድን። የቫይታሚኑ ውጤት ከፍ ብሎ አገኘነው። «አልሐምዱሊላህ!» ብዬ ሳልጨርስ፣ እንቅስቃሴ የምታሠራው ባለሙያ «እስቲ ከወንበሩ ይነሱልኝ» አለችው። ሞከረ። አልተነሳም። እንደገና ሞከረ፤ ክንዱ ተንቀጠቀጠና መልሶ ዘጭ አለ። በሦስተኛው እኔ ልይዘው ስል በእጇ ከለከለችኝ። ጭኑን ዳሰሰችው። እኔም አየሁት፤ ባለፈው ስንመጣ የነበረው ሥጋ ሟምቷል።

«አባቴ፣ በቀን ስንት ጊዜ ከወንበር ይነሳሉ?» አለችው።

«ለማን ብዬ?» አላት።

እሷ ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። እኔ ግን ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ክኒኑ ብቻውን አያስኬድዎትም» አለችው። «ዋናው ስፖርትዎ ይኸው ነው። ከፍ ካለ ወንበር፣ ሁለት እጅዎን ተደግፈው፣ የታከመውን እግር ፊት አስቀድመው መነሳትና መቀመጥ። በትንሽ በትንሹ ይጀምሩ። ይህን ካልሠሩ ነው የሚወድቁት።»

ሠላሳ ሁለት ጊዜ ሲነሳ ቆጥሬው ነበር። መድኃኒቱን በገዛ እግሬ ዞሬ፣ ሰው ለምኜ አስጣልኩት።

ሚኒባሱ ውስጥ ሲሪንቃ ላይ ሰው ሲወርድ አላስችል አለኝና ነገርኩት፤ ማንን ማንን እንደለመንኩ፣ ባልንጀራውን ሳይቀር። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ እስከ መርሳ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ሲያይ መጣ። ደግፌ ሳወርደው ብቻ «እኔ እኮ ሰዉ በቁሜ የቀበረኝ መስሎኝ ነበር። ለካ አንቺ ነሽ» አለኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሲነጋ ወንበሩን አወጣሁ። ረፋድ ላይ እንደምንም አስነስቼ፣ ተሸክሜው ማለት ይቀላል፣ አምጥቼ አስቀመጥኩት። አልተከራከረኝም። መልሼ ሰላም በሉት ያላልኳቸው ሰዎች አሁንም በማዶ ያልፋሉ። እሱ ወደ መንገዱ እንኳ አያይም፤ እጁ ጭኑ ላይ ወድቋል። ሁሉንም ሰው ዞሬ እስክነግር ስንት ቀን ይሄዳል? ያ እግር እስከዚያ ይጠብቀኛል?

መኪናዬን ትቼ በጓሮ በር ወጣሁ። በማንጎው ስር ዞሬ፣ የጎረቤቱን አጥር አልፌ፣ ከላይ በኩል መንገዱ ላይ ብቅ አልኩ። ነጠላዬን አስተካክዬ እንደ ገበያተኛ ቁልቁል መጣሁ። ፊቱ ስደርስ ቆምኩ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አባ!»

ቀና ብሎ አየኝ። የሚሰድበኝ መስሎኝ ነበር። ሁለት እጁን አነሳና ወንበሩ ላይ ተከለ፤ የታከመውን እግር ፊት አስቀደመ። እንዳልይዘው ብዬ እጆቼን ከጀርባዬ ቆለፍኩ። መቀመጫው ከወንበሩ ተላቀቀ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ተላቀቀ። ከዚያ ወገቡ ቀና አለ።

«ኖር!» አለኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ሁሉ ሲነሳ አይቻለሁ፤ ለእኔ ግን ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። ጉልበቱ ይርገፈገፋል፣ ላቡ በጢሙ ላይ ይወርዳል፣ እኔ እንባዬን እየዋጥኩ አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ።

«ኧረ ይቀመጡ በይኝ እንጂ፣ አንቺ ልጅ!» አለ። «እስከ መቼ ልትገትሪኝ ነው?»